የኮሎራዶ በረዶ ለምን ይናዳል? ወደ ተራራው ከመግባታችሁ በፊት ምን ታያላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁም። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ሲሆን ሀይዌይ 70ን ይዛችሁ ወደ ተራራው የምትወጡ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በስኪ መዝናኛ ክልል ውስጥ ከሆናችሁ ሠራተኞቹ በጠዋት ፈንጂ እያፈነዱ አደገኛውን በረዶ ቀድመው ያወርዱታል። ሎቭላንድ ፓስ ላይ መኪና አቁማችሁ በራሳችሁ ስትገቡ ግን ያን የሚሠራላችሁ የለም።

[ምስል፦ በአካፋ ተቆርጦ ንብርብሩ የሚታይ በረዶ]

ይህን እዩት። በረዶው አንድ ወጥ አይደለም፤ በጣለ ቁጥር የራሱን ንብርብር ይተዋል። ኮሎራዶ ላይ ችግሩ የሚጀምረው ከታች ነው። በጥቅምትና በኅዳር ስስ በረዶ ይጥላል፣ ከዚያ ሰማዩ ይጠራና ለሳምንታት ይበርዳል። መሬቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፣ ከላይ ያለው አየር ግን ከዜሮ በታች 15 እና 20 ይደርሳል። በረዶው ስስ ስለሆነ ይህ ሁሉ ልዩነት ጥቂት ሴንቲሜትር ውስጥ ነው ያለው። በ10 ሴንቲሜትር ከ1 ዲግሪ በላይ ልዩነት ሲኖር ተን ከታች ወደ ላይ እያለፈ ቅንጣቶቹን ትልልቅና ባለ ጠርዝ ያደርጋቸዋል። ዝገኑት፣ እንደ ስኳር ከእጃችሁ ይፈስሳል። እርስ በርሱ አይያያዝም።

ከዚያ ከባድ በረዶ ይመጣል፣ ነፋስ ይጠቀጥቀዋል፣ በዚያ ደካማ ነገር ላይ ወፍራም ንጣፍ ሆኖ ይተኛል። ስትረግጡት ጠንካራ ነው፤ እኔን በጣም የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ከሥር ያለው አንድ ቦታ ላይ ሲሰበር ስብራቱ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ንጣፉ በሙሉ ተሰንጥቆ ይወርዳል። የግድ ከላዩ መቆም አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 20 ቀን 2013 ሎቭላንድ ፓስ አጠገብ፣ ሺፕ ክሪክ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ስድስት ሰዎች ከተዳፋቱ ግርጌ ሳሉ ከላያቸው ተናደባቸው። አምስቱ ሞቱ። የዕለቱን ትንበያ አንብበው፣ አደጋውንም ተነጋግረውበት ነበር።

[ምስል፦ ከ1 እስከ 5 ያለው የአደጋ ደረጃ]

ትንበያውን በየቀኑ የሚያወጣው የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ነው። ያን ቀን ደረጃው 3 ነበር። እባካችሁ በ3 እንዳትሸወዱ። ቁጥሩ መሀል ላይ ስለሆነ ሰው "መካከለኛ ነው" ብሎ ይገባል፣ ብዙ ሰው የሚሞተውም 3 በተባለበት ቀን ነው። 4 እና 5 ሲሆን ሰው ራሱ ፈርቶ ይቀራል። ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፤ ችግሩ የትኛው ንብርብር ላይ እንደሆነ፣ በየትኛው አቅጣጫና ከፍታ እንደሚብስ ተጽፏል፣ እሱን አንብቡ።

ቀጥሎ ቁልቁለቱ። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። በስልካችሁ መለካት ትችላላችሁ። ከ30 በታች ከሆነና ከላያችሁም ገደላማ ነገር ከሌለ፣ 3 በተባለበት ቀንም ደስ ብሏችሁ መዋል ትችላላችሁ። ከላያችሁ የሚለውን ግን እንዳትረሱት።

እየሄዳችሁ ዓይናችሁንም ጆሯችሁንም ክፈቱ። አጠገባችሁ አዲስ የተናደ ቦታ ካለ፣ ከእግራችሁ ሥር በረዶው "ዱም" ብሎ ከሰመጠ፣ ስንጥቅ ከፊታችሁ ከሮጠ፣ በቃ፣ ተመለሱ። ከባድ በረዶ ገና ከጣለ፣ ነፋስ በረዶ እየገፋ ከሆነ ወይም ሙቀቱ በድንገት ከጨመረም እንደዚያው።

በረዶውን ቆፍረው ጥንካሬውን የሚፈትኑም አሉ። 30 በ90 ሴንቲሜትር ዓምድ ይቆርጡና አካፋውን አንዱ ጫፍ ላይ አስቀምጠው 30 ጊዜ ይመቱታል፤ አሥሩን ከእጅ አንጓ፣ አሥሩን ከክርን፣ አሥሩን ከትከሻ። ስብራቱ ዓምዱን ከዳር እስከ ዳር ከቆረጠው መጥፎ ነው። ካልቆረጠው ግን "ደህና ነው" አያሰኝም፣ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ በረዶው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ገደላማውን መሻገር የግድ ከሆነ አንድ በአንድ ተሻገሩ፣ ሌላው ከአደጋው ውጪ ቆሞ ይይ። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ይወርዳል፤ 911 ደውላችሁ የሚመጣው ሰው በዚያ ጊዜ አይደርስም። የሚያወጣችሁ አጠገባችሁ ያለው ጓደኛችሁ ነው። ስለዚህ ምልክት የሚልከው ቢከን፣ መፈለጊያው ዘንግና አካፋው እያንዳንዳችሁ ላይ ይኑሩ፣ አጠቃቀሙንም ከመሄዳችሁ በፊት አብራችሁ ተለማመዱት።