የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች?

ሰላም፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን! የዛሬው ወሬያችን ፎቶ ነው። በጣና ዳር ስንንሸራሸር ወፍና አበባ እንዴት አድርገን እናንሳ፣ በተለይ በሞባይል። ይበልጣል፣ እንኳን ደህና መጣህ! የመስቀል ወፍ ሆንክብን እኮ።

ይበልጣል፦ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የጠፋሁት። ግን ስሟን ካነሳሽ አልለቅሽም። የመስቀል ወፍ ትጠፋለች ያለሽ ማነው?

ሰላም፦ ሁሉም ሰው ነዋ! ከአደይ አበባ ጋር ቀጠሮ አላት፣ መስከረም መጥታ ትሄዳለች ይባል የለ?

ይበልጣል፦ ቀጠሮውስ አላት። መሄዷን ነው እምቢ ያልኩሽ። ልንገርሽ?

ሰላም፦ ርዕሳችን እንዳይጠፋ እንጂ ንገረኝ።

ይበልጣል፦ አምና መስከረም ነው። ባሕር ዳር፣ የአባይን ድልድይ ተሻግረሽ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስትሄጂ ሣር የበዛበት ቦታ አለ። አደዩ ጉልበቴ ድረስ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ደርሼ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ጤዛው ሱሪዬን አበስብሶታል። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። ከዚያ አንዱ መጣልሽ። ቀይ! ፍም በይው። ሆዱና ግንባሩ ጥቁር፣ አንገቱና ጀርባው ቀይ። አንዷ አደይ ላይ ሲያርፍ አገዳዋ ጎንበስ አለች። ላባውን ነፋ ነፋ አድርጎ ድብልብል አለ።

ሰላም፦ ውይ! አነሳኸው?

ይበልጣል፦ 40 ጊዜ አነሳሁት፣ አንዷ ወጣችልኝ። ቢጫ አበባ፣ ቀይ ወፍ፣ ከኋላ የአባይ ጉም።

ሰላም፦ ቆይ ግን፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የመስቀል ወፍ ጭራ ረጅሟ ናት። እኛ መርዓዊ ልጅ እያለን የመስቀል ወፍ የምንለው እሷን ነው። ጥቁርና ነጭ፣ አፏ ቀይ። ስትበር ጭራዋ ከኋላ እየተውለበለበ።

ይበልጣል፦ እኛ ሰፈር ደግሞ ቀዩን ነው የምንለው። እሱን እናቆየውና ታሪኩን ልጨርስ። ኅዳር ላይ እዚያው ቦታ ተመለስኩ። ሣሩ ደርቋል። አደይ የለ፣ ቀይ ወፍ የለ። ድንቢጥ የመሰሉ ቡናማ ወፎች ብቻ፣ መንጋ ሙሉ። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ አነሳኋቸው። ማታ ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ሳሰፋው፣ አንዷ «ድንቢጥ» ጉሮሮዋ ሥር ቀይ ላባ አላት። ሦስት ላባ ብቻ! ሌላው ሰውነቷ ቡናማ።

ሰላም፦ ምን ማለት ነው?

ይበልጣል፦ እሱ ራሱ ነዋ! ልብስ እየቀየረ ነው የደረስኩበት። ቀዩ የሰርግ ልብሱ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሣሩ ያድጋል፣ ዘር ያፈራል፣ ጫጩት የሚበላው አያጣም። ያኔ ነው ወንዱ የሚሽሞነሞነው። ወቅቱ ሲያልፍ ቀዩ ላባ ይረግፍና ቡናማ ያበቅላል። ሴቷማ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት። ስለዚህ እነሱ አይጠፉም፣ እኛ ነን የማናውቃቸው። ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ!

ሰላም፦ የኔዋስ ታዲያ? ጭራ ረጅሟ?

ይበልጣል፦ እሱም እንደዚያው ነው። ያ ጭራ የወንዱ ነው፣ ከሰውነቱ ይረዝማል። ወቅቱ ሲያልፍ እሱም ይረግፋል። ሴቷ ደግሞ ጎጆ አትሠራም፣ እንቁላሏን ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ነው የምትሄደው።

ሰላም፦ ይሁንላት። እኔ ግን አሁንም የመስቀል ወፍ እሷ ናት።

ይበልጣል፦ ሁለቱም ይሁኑ። ሁለቱም ልብስ ቀያሪ ናቸው።

ሰላም፦ ግማሹን ተቀብያለሁ። በል አሁን፣ ሰው ሞባይሉን ይዞ እየጠበቀ ነው።

ይበልጣል፦ እሺ። ጠዋት ውጡ፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። በሞባይል ወፍ አታሳድዱ። የሚያምር አበባ ምረጡና አጠገቡ ተቀመጡ፣ ወፏ ራሷ ትመጣለች። ስክሪኑን በጣት እየሳቡ ማቅረብም ፎቶውን ያደበዝዘዋል፣ በኋላ ቆርጣችሁ ብታወጡት ይሻላል። ካሜራ ያላችሁ፣ ዓሣ በል ንስሩ ውኃው ላይ ሲወርድ ለመያዝ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ብታደርጉት ጥሩ ነው።

ሰላም፦ ሐይቁ ዳር ዛፍ ላይ የሚንጠለጠሉት ጎጆዎችስ?

ይበልጣል፦ የሸማኔ ወፎቹ? ከሩቅ ብቻ! ቅርንጫፍ ጎትቶ የሚያነሳ ሰው ሳይ ያመኛል። እናት ደንግጣ ከሸሸች ጫጩቶቹን ማን ያበላቸዋል?

ሰላም፦ አበባ ካልን፣ እምቦጭም እኮ ያብባል። ሐምራዊ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ።

ይበልጣል፦ አንስቼዋለሁ፣ ግን አበባውን ብቻውን አላነሳም። አረሙ መንገድ የዘጋባት ታንኳ አብራ ትግባ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ዓሣ አጥማጅ መንገድ አጣ።

ሰላም፦ እኔ እንኳ አበባው ብቻውንም ቢነሳ ቅር አይለኝም። ሰው አይቶ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ይበልጣል፦ እሱም አለ። አስብበታለሁ።

ሰላም፦ እኔ ለመስከረም መርዓዊ ወርጄ ጭራ ረጅሟን አነሳልሃለሁ፣ ታያለህ።

ይበልጣል፦ ኅዳርም ውረጂ። ጭራው ሲረግፍ አንሺልኝ። አድማጮችም ኅዳርን አትርሱ። ቡናማዎቹን አስፍታችሁ እዩ፣ ጉሮሯቸው ሥር።

ሰላም፦ እሺ፣ ኅዳርም እሄዳለሁ። አንተ ግን ሳምንት እንዳትቀር!