እሱንስ ማን ፈጠረው?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? ከደሴ ነው የማወራችሁ። የሚንጫጫ ነገር ከሰማችሁ ቆርቆሮው ነው። በክረምት ደሴ ላይ ተቀምጦ ድምፅ መቅዳት ከዝናብ ጋር መሻማት ነው። ታገሡኝ።

የዛሬውን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ገና በልጅነታችሁ ጠይቃችሁታል። ያልጠየቃችሁትም በልባችሁ መጥቶባችሁ ደንግጣችኋል። ሰማይና ምድርን የፈጠረ እሱ ነው። እሺ። እሱንስ ማን ፈጠረው?

እኔ ሁለት ዓይነት ቁጣ ነው ያገኘሁበት። እናቴ ክርስቲያን፣ አባቴ ሙስሊም ናቸው። ለወሎ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። በበዓል ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ቡናው ግን አንድ ላይ ይጠጣል። በእናቴ ወገን ስጠይቅ «በስመ አብ በል! ምን ዓይነት አፍ ነው?» ተባልኩ። በአባቴ ወገን ደግሞ «አስተግፊሩላህ በል!»። ሁለቱ ቤቶች በስንቱ ነገር ይለያያሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ሆኑብኝ።

ካደግሁ በኋላ የገረመኝ ነገር አለ። ትልልቆቹ እንደዚያ የደነገጡበት ጥያቄ በሃይማኖቱ ውስጥ የታወቀ እንግዳ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም የተባሉት ሰብሳቢዎች የዘገቡት፣ የነቢዩ ባልደረባ አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት ሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩ ንግግር አለ። ሰይጣን ወደ አንዳችሁ ይመጣና ይህን ማን ፈጠረው፣ ያንን ማን ፈጠረው እያለ ይቀጥላል፣ በመጨረሻም ጌታህን ማን ፈጠረው ይላል። እዚህ ሲደርስ ሰውዬው በአላህ ይጠበቅ፣ ያቁም ነው የሚለው። ሌላም አለ፣ ያው ሙስሊም የተባሉት ሰብሳቢ የዘገቡት። ሰሃቦች፣ ማለትም ባልደረቦቻቸው፣ ወደ ነቢዩ መጥተው፣ ለመናገር የሚከብደን ሐሳብ በልባችን ይመጣብናል ሲሏቸው፣ መልሳቸው ቁጣ አልነበረም። እሱማ ግልጽ የሆነው ኢማን፣ እምነት ነው አሏቸው። ይሄንን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ለማንኛውም ወደ ጥያቄው ልግባ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። «አምላክን ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ አንድን ዓይነት አምላክ በደንብ ይመታል። ትልቅ፣ ጠንካራ፣ ከእኛ ቀደም ብሎ የተወለደ የሚመስለውን አምላክ። እንደዚያ ያለው ፈጣሪ ያስፈልገዋል፣ አለቀ። የቀረው ነገር፣ ሰዎች ሲያመልኩ የኖሩት እሱን ነው ወይ የሚለው ነው።

ክርክሩ በየቡናው እንዴት እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። አንዱ ስልኩን ያነሳል። «ይቺ ስልክ ሠሪ አላት አይደል? ይሄ ቤት ሠሪ አለው። ሁሉም ነገር ሠሪ አለው። ስለዚህ ዓለምም ሠሪ አለው።» ሌላው ፈገግ ብሎ «ሁሉም ነገር ካልክ እሱም አለው ማለት ነው» ይለዋል። ጨዋታው እዚያው ፈረሰ። ይሄ መልስ ትክክል ነው። ተጠያቂው ቢናደድም ትክክል ነው።

የእንግሊዛዊውን ፈላስፋ የበርትራንድ ረስልን ሐሳብ ያስለወጠው ይኸው ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ1927 ለንደን ውስጥ ባደረገው ንግግር እንደተናገረው፣ በወጣትነቱ «የሁሉ ነገር የመጀመሪያ ምክንያት አለ፣ እሱም አምላክ ነው» የሚለውን ክርክር ይቀበል ነበር። 18 ዓመቱ ላይ ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈውን አነበበ። የጆን ስቱዋርት ሚል አባት ለልጁ «ማን ፈጠረኝ? የሚለው መልስ የለውም፣ ወዲያው አምላክንስ ማን ፈጠረው? ያስከትላልና» ብሎ አስተምሮት ነበር። ረስል በቃው። ሁሉ ነገር ምክንያት ካስፈለገው አምላክም ያስፈልገዋል፣ ያለ ምክንያት የሚኖር ነገር ካለ ደግሞ እሱ ዓለም ራሱ ሊሆን ይችላል አለ።

የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ያለው ማነው? ከትልልቆቹ አሳቢዎች ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። ከ1058 እስከ 1111 የኖሩት የእስልምና ሊቅ ኢማም ገዛሊ ያሉት፣ መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ ለመጀመሩ ምክንያት አለው ነው። አስተውሉ፣ «ከአምላክ በስተቀር» አላሉም። ደንቡን አስቀድመው ነው ያስቀመጡት። መጀመሪያ የሌለው ነገር ካለ ደንቡ አይነካውም። ዓለም መጀመሪያ ከሌለው እሱም ያመልጣል፤ ስለዚህ ዓለም መጀመሪያ እንዳለው ማሳየት ነበረባቸው፣ የደከሙትም እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰባኪ ወደ ቢግ ባንግ ይሮጣል። ሳይንስም አረጋገጠ፣ ዓለም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ጀመረ ይላል። ቀስ። የዚህ ሐሳብ አባት የሚባለው ዦርዥ ለሜትር ራሱ የካቶሊክ ቄስ ነበር። ሮማዊው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ግኝቱን ከፍጥረት ታሪክ ጋር ሲያያይዙት ለሜትር አልተደሰተበትም። ሳይንሱንና እምነቱን መቀላቀል አልወደደም። ቄሱ ያልቸኮለበት ላይ እኛ ለምን እንቸኩላለን?

ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚጥመኝ የኢብን ሲና መንገድ ነው። ከ980 እስከ 1037 የኖረ ሐኪምና ፈላስፋ ነው። እሱ ዓለም መቼ ጀመረ የሚለው አያስጨንቀውም። እንዲያውም ዓለም ለዘላለም የነበረ ነው ብሎ ያስብ ነበር፣ ገዛሊም በኋላ በዚሁ ነው አጥብቀው የተቹት። የኢብን ሲና ጥያቄ ሌላ ነው። እኔ ባልኖር ይቻል ነበር። ጦሳ ተራራ ባይኖር ይቻል ነበር። ባይኖር የሚቻል ነገር ካለ፣ እንዲኖር ያደረገው ከራሱ ውጪ ነው። ያም ባይኖር የሚቻል ከሆነ ጥያቄው ወደ ላይ ይቀጥላል። በመጨረሻ አለመኖር የማይችል፣ መኖሩ ከራሱ የሆነ አንድ ነገር ከሌለ ከላይ እስከ ታች አንዱም አይቆምም።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን የወጣ ሰው ይሄን በዓይኑ አይቶታል። ከጅቡቲ መስመር የመጣ ከባድ መኪና ከኋላው ተሳቢ አስሮ ዳገቱን ያቃስታል። ተሳቢውን ምን ይስበዋል? ሌላ ተሳቢ ነው ብላችሁ ገምቱ። እሱንስ? ሌላ ተሳቢ። እስከ ባቲ፣ እስከ ሚሌ፣ እስከ ጅቡቲ ወደብ ድረስ ተሳቢ ብትቀጥሉ ሐረጎን አንድ ክንድ አይወጣም። ማለቂያ የሌለው ተሳቢም ቢሆን ያው ነው። የሆነ ቦታ ሞተር ያስፈልጋል። ሞተሩ ጋ ደርሶ «እሱንስ ማን ይስበዋል?» የሚል ሰው ልዩነቱ ገና አልገባውም።

ምሳሌው ግን እስከ ጫፍ አይሄድም። ሞተርም ነዳጅ ይፈልጋል፣ ፋብሪካም ሠርቶታል። ስለዚህ ፈጣሪ ሞተር ነው ብላችሁ እንዳትጠቅሱብኝ። ከምሳሌው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቁጥር መጨመር ያጣነውን ነገር አያመጣም።

ሌላም የምወድለት ነገር አለ። መሳብ አሁን የሚሆን ነገር ነው። ሞተሩ ከጠፋ ተሳቢው ወዲያው ይቆማል። የዘር ሐረግ እንደዚህ አይደለም። ሰባት ቤት ስንቆጥር፣ ቅድመ አያቴ ከሞቱ ስንት ዘመን ሆናቸው፣ እኔ ግን ይኸው አለሁ። መኖሬ አሁን በእሳቸው ላይ አልተንጠለጠለም።

ይሄን ያነሳሁት የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ በሚባለው የግዕዝ የፍልስፍና ጽሑፍ ምክንያት ነው። በጽሑፉ ያለው ሰው በዋሻ ተሸሽጎ፣ ማን ፈጠረኝ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አባትና እናቴ ብል የእነሱን ወላጆች እፈልጋለሁ፣ ከዚያም የወላጆቻቸውን ወላጆች፣ እንዲህ እያልኩ እንደ እኛ ያልተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ጋ እደርሳለሁ ይላል። ከእነሱ በላይ ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት ብሎ ይደመድማል። ጽሑፉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው የሚል አለ። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የጻፈው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ ደግሞ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይሟገቱበታል። የማንም ይሁን፣ ጥያቄው በግዕዝ መጠየቁ ደስ ይለኛል። መንገዱ ግን የሐረግ መንገድ ነው። በሐረግ የሄደ ሰው «ሐረጉ መጀመሪያ ባይኖረውስ?» ቢባል ይቸገራል። ካቶሊካዊው የሃይማኖት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ይሄ ገብቶታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዓለም መጀመሪያ እንዳለው በእምነት እንጂ በክርክር አይረጋገጥም ብሏል። አባትና ልጅ ያለ ማለቂያ ወደ ኋላ ቢቆጠሩ በአእምሮ የማይቻል ነገር አላየበትም። የማይቻለው አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ሁሉም ተሸካሚ ፈላጊ ሆኖ ተሸካሚ ማጣቱ ነው።

በዚህ ዓይን ሳየው ሁለቱ ቤቶቼ የነገሩኝ ነገር ሌላ መልክ ያዘ። እናቴ ዘጸአት ምዕራፍ 3 ላይ ለሙሴ የተነገረውን በቃሏ ትላለች፣ «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ»። አባቴ በየሶላቱ «አልወለደም፤ አልተወለደምም» የሚለውን ይቀራል። ሁለቱም ጋ ያለው አምላክ ከሰልፉ ፊት የቆመ የመጀመሪያው ሰው አይደለም። ሰልፉ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለውን አምላክ ማን ፈጠረው ማለት ቦታ የሌለው ጥያቄ ነው። ይሄ ግን እንዲህ ያለው አለ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ካለ ፈጣሪ አያስፈልገውም ማለት ብቻ ነው።

አሁን የረስል ሁለተኛ ግማሽ ይመጣል፣ እሱ ይከብዳል። መቆሚያው ለምን ዓለም ራሱ አይሆንም? በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ከኢየሱሳዊው ቄስ ፍሬደሪክ ኮፕልስተን ጋር ሲከራከር ረስል ያለው ይሄን ነበር። ዓለም እንዲሁ አለ፣ በቃ። ኮፕልስተን ያቺን «በቃ» ሊያስለቅቀው ብዙ ሞከረ፣ አልቻለም።

እኔ እዚህ ላይ ማንም ማንን አታለለ አልልም። ሁለቱም የሆነ ቦታ ቆመዋል። አንዱ ማብራሪያ የማያስፈልገው ነገር ላይ ቆምኩ ይላል። ሌላው ማብራሪያ ቢያስፈልገውም የለውም ብሎ ቆመ። የመጀመሪያው ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል። ዓለምን ባየሁት ቁጥር፣ ሌላ ሊሆን ይችል የነበረ ነገር ነው የሚመስለው። ነገር ግን መምሰል ማስረጃ አይደለም። የማያምን ጓደኛዬ ይሄን ሲለኝ የምመልስለት የለኝም።

በአምላክ የማያምነው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዳውኪንስም በ2006 የጻፈው አለ። ይሄን ሁሉ ያቀደ አእምሮ ከዓለሙ የባሰ ውስብስብ መሆን አለበት፣ ስለዚህ እሱ ይበልጥ ማብራሪያ ያስፈልገዋል ይላል። የድሮዎቹ መልስ አምላክ ከክፍሎች አልተገጣጠመም ነው። ገጣጣሚ የሚፈልገው ክፍል ያለው ነገር ነው። በቃል ደረጃ መልሱ ይሠራል። ግን ክፍል የሌለው ነገር የእኔንም የእናንተንም ሐሳብ እንዴት ያውቃል ስትሉኝ፣ ጭንቅላቴ እዚያ ይቆማል። አምናለሁ፣ ግን ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም።

ይሄ ሁሉ ክርክር ሲያልቅ የሚሰጠን ነገር ትንሽ ነው። መቆሚያ። የአባቴ እናት ዱዓ ሲያደርጉ «አንተ አለመኖር የማትችል ሆይ» አይሉም። ዝናብ ይለምናሉ። የታመመ ልጅ እንዲነሳ ይለምናሉ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፓስካል በ1654 ያጋጠመውን ሌሊት የጻፈበት ወረቀት፣ ሲሞት ልብሱ ውስጥ ተሰፍቶ ተገኝቷል። የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ፣ የፈላስፎችና የሊቃውንት ያልሆነ ይላል። እኔ ሁለቱን እንደዚያ አልቆርጣቸውም፣ የፈላስፎቹም ወደዚያው የሚያይ ይመስለኛል። ግን አያደርስም።

በ2014 በእኛ አቆጣጠር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ በየቤቱ ሲጠየቅ የሰማሁት «ማን ፈጠረው?» አልነበረም። «የት አለ?» ነበር። በሁለቱም ቤቶቼ፣ በአንድ ቃል። ያኔ አስተግፊሩላህ በል ያለ ሰው አልሰማሁም፤ የሚጠይቁት ትልልቆቹ ራሳቸው ነበሩ። ለዚያኛው ጥያቄ ኢብን ሲናም አኩዊናስም ዛሬ ያነሳሁላችሁን ይዘው ቢመጡ ብዙ የሚሉት የላቸውም። በሚቀጥለው ክፍል እሱን ላነሳው አስቤያለሁ፣ ድፍረቱ ከመጣልኝ። ሰላም ሰንብቱ።