ሚኒሞ ላይ የምትጠፋ ሞተር፦ ብሎኗን ከማጥበቃችሁ በፊት

ዶክተር፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የምንቀዳው እዚሁ ሐዋሳ፣ ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ሆነን ነው። ከኋላ የመዶሻ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ ሥራ አልቆመም። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ የዛሬዋ ታማሚ ግን የኔው ሞተር ሳይክል ናት፤ ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ትጠፋለች።

ጋሼ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። እስቲ ዶክተር፣ ጠዋት የነገርሽኝን ለሰዎቹም ንገሪያቸው። ላሟን ይዞ የመጣን ገበሬ እንደምትጠይቂው ሁሉ፣ መቼ እንደጀመራት፣ ምን ስታደርጊ እንደሚብስባት።

ዶክተር፦ ሁለት ሳምንት ሆናት። ስትሄድ ምንም አትል፤ ነዳጅ ስሰጣት ትሮጣለች፣ ዳገት ትወጣለች። እጄን ስለቅላት ግን፣ መብራት ላይ ወይም ባጃጆች መንገድ ሲዘጉብኝ፣ ድምጿ ወረድ ወረድ ይልና ጭጭ። ባለፈው ማክሰኞ የፈንግል ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ሰፈር ጋ ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። ያ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቆየት ያለበት። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ ማስነሻዋን እረግጣለሁ፣ ሴትዮዋ ዶሮዎቿን ሰብስባ እየጠበቀችኝ ነው።

ጋሼ፦ ከዚያስ ማን ነካት?

ዶክተር፦ መንገድ ዳር አንድ ልጅ የሚኒሞዋን ብሎን አጠበቀልኝ። ሁለት ቀን ደህና ሆነች። ከዚያ ተመለሰባት።

ጋሼ፦ ይኸውልሽ፣ የዛሬው ወሬዬ ሁሉ እሱ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፣ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ቤት መግቢያ ይሆናል። ግን የሚኒሞ ብሎን አያክምም። የነዳጁን በር በትንሹ ገርበብ አድርጎ ነው የሚያቆየው። ሞተሩ በተዘጋው መንገድ መተንፈስ ስላቃተው በሌላ መንገድ እንዲተነፍስ ታደርጊዋለሽ፤ የተዘጋው እንደተዘጋ ነው። ቆይቶ ሲሞቅ መጮህ ይጀምራል፣ ቁልቁለት ላይ እጅሽን ለቀሽ እንኳ አልቀንስ ይላል፣ ማርሽ ስታስገቢ ጓ ይላል። በሽታው ደግሞ ከሥር እየባሰ ነው።

ዶክተር፦ ሌላ መንገድ ሲሉ? ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር አንድ አይደል እንዴ?

ጋሼ፦ ካርቡሬተሩ አንድ ነው፣ በውስጡ ግን የቤንዚኑ መንገድ ብዙ ነው። ስትሮጪ ቤንዚኑ በመሃል በትልቁ ጄት፣ ማለት በትልቁ የቤንዚን ቀዳዳ፣ ይመጣል። እጅሽን ስትለቂ ያ በር ይዘጋና ሞተሩ የሚኖረው በትንሿ ጄት ብቻ ነው። ትንሽ የናስ ብሎን ናት፤ እንዳንቺዋ ባሉ ሞተሮች ላይ ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። አንድ ቅንጣት ዝገት፣ ወይም ቤንዚን ቆሞ ሲደርቅ የሚተወው ሙጫ ይደፍናታል። ለዚህ ነው ጥያቄው ሁሉ «መቼ ትጠፋለች» የሚለው ላይ ያለው። ስትሮጥ ደህና ሆና ቆማ የምትጠፋ ከሆነች መጀመሪያ ትንሿን ጄት ጠርጥሪ። ሩቅ ሄዳ ቀስ በቀስ ደክማ የምትጠፋ፣ የሰርባቶዮውን፣ የቤንዚን ታንከሩን፣ ክዳን ስትከፍቺ «ፍስስ» ብላ አየር የምትስብ ከሆነች ደግሞ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ካርቡሬተሩን ማንም እንዳይፈታው።

ዶክተር፦ የኔዋ የመጀመሪያዋ ናት።

ጋሼ፦ እናያለን፣ እኔ ሳላይ አልምልም። ሞተሩ ቀዝቅዟል? እጅሽን አድርጊበት። ጥሩ። ብርጭቆ ስጡኝ እስቲ፣ የሻይ ብርጭቆ።

ዶክተር፦ አድማጮች፣ ጋሼ ካርቡሬተሩ ግርጌ ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን በካቻቪቴ እየፈቱ ነው። ቤንዚኑ ወደ ብርጭቆው ወረደ። ብርሃን ላይ እያነሱት ነው።

ጋሼ፦ ታዪያለሽ? ከሥር።

ዶክተር፦ እንደ ዶቃ ነገር… የሚንከባለል። ውሃ ነው?

ጋሼ፦ ውሃ ነው። ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ከየት ነው የምትሞዪው?

ዶክተር፦ ማደያ ሰልፍ ሲረዝምብኝ… ገጠር ስወጣ ደግሞ በሃይላንድ ከሚሸጡት እገዛለሁ። ምርጫ የለኝም አንዳንዴ።

ጋሼ፦ አውቃለሁ፣ ሰው ሥራውን ትቶ አይሰለፍም። ግን ሃይላንዱን ከመገልበጥሽ በፊት ብርሃን ላይ አንሺው፣ አምስት ደቂቃ ይርጋ፣ የመጨረሻዋን ሁለት ጣት አትቅጂ። ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ በዓይን አይለይም፤ ጣትሽ ላይ ጠብ አድርጊው። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ ላምባ ያለበት ቅባቱ ይቀራል።

ዶክተር፦ አሁን ትንሿ ጄት ወጥታለች። እውነቴን ነው፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ወደ መስኮቱ አድርጌ ሳያት ብርሃን አያሳልፍም።

ጋሼ፦ ይኸው በሽታሽ። እዚህ ላይ ሰው የሚያጠፋው ጥፋት አለ፦ ሽቦ ወይም መርፌ ይከትባታል። ናስ ለስላሳ ነው። ቀዳዳዋ በፀጉር ያህል ከሰፋች ያቺ ሞተር ዕድሜዋን ሙሉ ቤንዚን ትጠጣለች፣ እሳት የምትሰጠው ካንዴላዋም ጥላሸት ትለብሳለች። የካርቡሬተር ማጽጃ ነፍቶ ማቆየት፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት። እምቢ ካለች አዲስ መግዛት። ርካሽ ናት።

ዶክተር፦ የአየሯንም ብሎን ይንገሩን፣ ብዙ ሰው ከሚኒሞው ጋር ያምታታታል።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። የሚኒሞው ብሎን ፍጥነቱን ብቻ ነው የሚያነሳው። ሁለተኛዋ ቅልቅሉን ነው የምታስተካክለው። ወደ ሞተሩ በኩል ካለች ቤንዚን ናት፦ ስትፈታ ቤንዚን ትጨምራለች። ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ካለች አየር ናት፦ ስትፈታ አየር ጨምራ ቤንዚኑን ታሳሳለች። ይሄን ሳያውቁ ማዞር ተቃራኒውን መሥራት ነው። በእርጋታ እስክትነካ ታስገቢያታለሽ፣ አታጠብቂያትም፣ ጫፏ ስለታም ስለሆነ ይጎዳል። ከዚያ አንድ ከግማሽ እስከ ሁለት ከግማሽ ዙር ትፈቺያታለሽ። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ከፍና ጥርት የሚልበትን ቦታ በሩብ ሩብ ዙር ትፈልጊያለሽ። ያኔ ነው ሚኒሞው ተራው የሚደርሰው፤ ለእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ሞተር በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ።

ዶክተር፦ እኔ እኮ አንዳንድ ሳምንት ሀገረ ሰላም እወጣለሁ። እዚያ ደግሞ ትታፈናለች።

ጋሼ፦ እሱ በሽታ አይደለም። ሐዋሳ ራሷ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ናት፣ ሀገረ ሰላም ከዚህ ሌላ 1,000 ሜትር ያህል ይጨምራል። አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው፣ ስለዚህ ይበዛባታል። እዚያ ላይ ቾክ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት አየሩን የሚዘጋው፣ ገርበብ ብሎ እንኳ ከቀረ ታንቃ ትጠፋለች። ማጣሪያውም በአቧራ ከተሞላ እንደዚያው። ስፖንጅ ማጣሪያ ከሆነ በሳሙና ውሃ አጥቢው፣ አድርቂው፣ ዘይት ቀባ አድርጊው። በቤንዚን አይታጠብም፤ ስፖንጁ ይበላሻል፣ እሳትም ነው።

ዶክተር፦ ጄቷ ጸድታ ይኸው ተገጣጠመች። ላስነሳ?

ጋሼ፦ አስነሺ። ተያት፣ ነዳጅ አትስጫት።

ዶክተር፦ ትሰማላችሁ? እጄን አንስቻለሁ! አልጠፋችም።

ጋሼ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። ካርቡሬተሩና ሞተሩ የሚገናኙበት ላስቲክ ላይ የሳሙና ውሃ ልርጭበት። ድምፁ ከተለወጠ ከተሰነጠቀ ቦታ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ሌሎች ጋራዦች ቤንዚን ሲረጩበት አይቻለሁ፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ግሎ እያለ እንዴት ነው ሰው እንዲህ የሚያደርገው? … ድምፁ አልተለወጠም። ላስቲኩ ደህና ነው።

ዶክተር፦ አሥር ደቂቃ ሆናት። ድምጿ ትንሽ ወረደ መሰለኝ።

ጋሼ፦ እኔም ሰምቻለሁ። ስትሞቅ ብቻ ነው የወረደችው። ፑንቴሪያዋ፣ ማለት የቫልቮቿ ክፍተት፣ መቼ ነው የታየው?

ዶክተር፦ ከገዛኋት ጀምሮ አልታየም።

ጋሼ፦ ቫልቩ፣ የሞተሩ ትንፋሽ መግቢያና መውጫ ክዳን፣ ክፍተቱ ከጠበበ ብረቱ ሲሞቅ ይረዝምና አይገጥምም፣ ትንፋሿ ያመልጣል። ሚኒሞ ላይ ነው ቀድሞ የሚታወቀው። ክፍተቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሚሆን በግምት አይሠራም፣ ከፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ቁጥሩን አይቼ በፊለር ጌጅ፣ በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ፣ ነው የምለካው። ሞቃት ላይም አይለካም። እዚሁ ትደር፣ ጠዋት ማንም ሳያስነሳት እከፍታታለሁ።

ዶክተር፦ ሐሙስ ክትባት አለኝ፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ረቡዕ ማታ መጥተሽ ውሰጃት። ሰርባቶዮውንም አውጥቼ አጥበዋለሁ፣ ያ ውሃ ታች ዝገት ሳያስቀምጥ አልቀረም። ባዶ ስለምትሆን ቤንዚን ይዘሽ ነይ፤ ከማደያ።