የላንድሮቨር የኋላ ባሌስትራ፦ አወጣጡና አገጣጠሙ

[ምስል፦ ከዚራ፣ ማለዳ። ዛፍ ጥላ ስር የቆመች አሮጌ ላንድሮቨር፣ ከኋላ ስትታይ]

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ፣ ከዚራ። ገና ማለዳ ነው፤ እዚህ አገር ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ብረት በእጅ አይነካም፣ ስለዚህ በጊዜ ጀምረናል።

ይቺ የምታዩዋት ላንድሮቨር ሲሪየስ 3 ናት። ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ከተመረቱት አንዷ። እስቲ ከኋላ ሆናችሁ ልብ ብላችሁ እዩዋት። ወደ ግራ አጋድላለች አይደል? ዕቃ አልጫንንባትም፣ የጎማዎቹም ንፋስ እኩል ነው። ያጋደለችው የግራው የኋላ ባሌስትራ፣ ማለት ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራው መኪናዋን የተሸከመው ቅስት፣ ስለተኛ ነው። ዛሬ እሱን አውጥተን፣ በምትኩ ያገኘነውን ጤነኛ ባሌስትራ፣ ጫፎቹ ላይ ያሉትን የጎማ ቡሾች ቀይረን እንገጥማለን።

የሐረር ልጆች ሁሌ ስለ ፔጆ 404 ትጠይቁኛላችሁ። የ404 አውቶሞቢሏ ከኋላም የምትቆመው በሞላ፣ ማለት በተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ ባሌስትራ ያለው ፒካፑ ነው። የዛሬው ሥራ ፒካፑ ላላችሁ ይጠቅማል።

[ምስል፦ ብሎኖቹ በቅርበት፣ ዝገትና ደረቅ አሸዋ]

ሥራው የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ከሦስት ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ብሎኖቹን ዝገት የሚያላላ ዘይት ስናጠጣቸው ነበር። ይህን ሳያደርግ የጀመረ ሰው ቀኑን ሙሉ ከአንድ ብሎን ጋር ሲታገል ይውላል። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እያቋረጠች ስንት ዓመት የሠራች መኪና ናት፤ አሸዋውና ዝገቱ አብሮ ተጋግሯል። ቺያቬውም የኢንች ይሁን። በሚሊሜትር ቺያቬ «ይበቃዋል» ብሎ የሞከረ የዳዶውን ጥግ አክብቦ ይጨርሰዋል።

አሁን የምናገረውን እባካችሁ በደንብ ስሙኝ። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎቹን አይደለም የሚይዘው። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። አንዱን የኋላ ጎማ ከመሬት ስታነሱት ዲፈረንሻሉ ያንን ጎማ በነፃ ስለሚያዞረው፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦም ቢሆን መኪናዋ ልትንሸራተት ትችላለች። ስለዚህ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ እንደግፋለን። ድንጋይ አይደለም፣ ደህና እንጨት። ክሪክ ብቻውን ያነሳው መኪና ስር ደግሞ ማንም አይገባም። ሻንሲውን ከባሌስትራው የፊት ማሰሪያ ቀደም ብሎ በብረት ስታንድ አስቀምጡት፣ ከዚያ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት። ካልተነቃነቀ ግቡ።

[ምስል፦ ጎማው ወልቋል። ክሪክ አክስሉ ስር]

ጎማው ወለቀ። ሁለተኛው ክሪክ አክስሉ፣ ማለት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የያዘው አግዳሚ ብረት፣ ስር ይገባል፤ እንዲያነሳ ሳይሆን ክብደቱን እንዲይዝ ብቻ። አክስሉ በድንገት ቢወርድ የሚጎተተው የፍሬን ቱቦው ነው፣ እሱ ከተበጠሰ ሌላ ሥራ ተፈጠረ ማለት ነው። የሾኩን፣ ማለት ነጠራውን የሚያበርደውን፣ የታች ጫፍ ፈትተናል።

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩት በዩ ቅርጽ የታጠፉት ብሎኖች ናቸው። እነዚህን በግራይንደር እቆርጣቸዋለሁ። «ይፈታሉ እኮ» የምትሉ አላችሁ። ይፈቱ ይሆናል፤ ግን አንዴ ተስበው የኖሩ ብሎኖች ናቸው፣ መልሼ አልገጥማቸውም። አዲስ ብሎን ከነአዲስ ዳዶው። መቆጠብ ካለብን ሌላ ቦታ እንቆጥብ።

ቀጥሎ ሻክሉ፣ ማለት ከኋላ ባሌስትራውን አንጠልጥሎ የያዘው ጥንድ ላሜራ። በአንዳንዱ ሻክል አንደኛው ላሜራ ራሱ ጥርስ አለው፤ ብሎኑ እዚያ ውስጥ ነው የታሰረው። ዳዶውን ፈትታችሁ በማርቴሎ ብትደበድቡት አይወጣም፣ ጥርሱን ታበላሻላችሁ። ብሎኑ ራሱ መዞር አለበት። የፊተኛው ብሎን መጨረሻ ይወጣል። ባሌስትራው ከባድ ነው፤ እኔ ከፊት፣ ወንድሜ ከኋላ ሆነን አወረድነው።

[ምስል፦ ምትኩ ባሌስትራ ሞርሳ ላይ፣ የጫፉ ቀለበት በቅርበት]

እዚህ ጋ ቀረብ በሉ። የቀለበቱ ውስጥ ያለው ቡሽ ሦስት ነገር ነው፦ ከውጭ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ከውስጥ ሌላ የብረት ቱቦ፣ በመካከላቸው ከሁለቱም ጋር የተጣበቀ ጎማ። ጎማውን አያችሁት? በአንድ ወገን ተሰንጥቆ ከብረቱ ተላቋል። በጣቴ ስነካው ይፈረፈራል።

አንዳንድ ቦታ በእሳት ያቃጥሉታል። እኔ አላደርገውም። ጭሱ መርዝ ነው፣ ሙቀቱም የባሌስትራውን ብረት ጥንካሬ ያጠፋዋል። ጎማውን በትሪቬላ በስተን በስተን እናወጣዋለን፣ የውስጡ ቱቦ አብሮ ይወድቃል። የቀረውን የውጭ ቱቦ ሰጌቶውን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፈን በርዝመቱ እንቆርጠዋለን። ቀስ ብላችሁ። ምላጩ ከቱቦው አልፎ ቀለበቱን ከጫረ፣ ያቺ ጭረት ነገ ስንጥቅ ትሆናለች። ድምፁ ሲለወጥ ይሰማችኋል፤ እዚያ ላይ አቁሙና በመሮ ወደ ውስጥ እጠፉት። ይኸው፣ በእጅ ወጣ።

አዲሱ ቡሽ ሲገባ የሚገፋው የውጭ ቱቦው ብቻ ነው። ልክ የሚሆን ቁራጭ ቱቦ አስደግፈን በሞርሳ እየጨመቅን እናስገባዋለን። በሻክሉ ላይኛ ጫፍ ያለውም ቡሽ እንዳይረሳ።

የተኛውን ባሌስትራ ቅጠል ጨምሬበት ላስነሳው የሚል ብዙ ነው፤ በተለይ ከአወዳይ ጫት የሚያመላልሱ ልጆች። ይገባኛል፣ እንጀራ ነው። ግን የተጨመረው ቅጠል የሚያመጣው ድርቀት ዞሮ ዞሮ ሻንሲው ላይ ነው የሚያርፈው። ደግሞም የዚህች መኪና የሹፌሩ ወገንና የተሳፋሪው ወገን ባሌስትራ ከፋብሪካም አንድ አይደሉም፣ የዕቃ ቁጥራቸውም ቅስታቸውም ይለያያል። ሁለቱንም የምታወጡ ከሆነ በቀለም ምልክት አድርጉባቸው።

[ምስል፦ ምትኩ ባሌስትራ እየገባ]

አሁን መግጠም። የብሎኖቹን አካል ግራሶ ቀቡት፤ ቡሹ ውስጥ ዝጎ የሚቀረው ደረቅ የገባ ብሎን ነው። የፊተኛው ይገባል፣ ከዚያ ሻክሉ። ዳዶዎቹ በእጅ ብቻ ይያዙ። አክስሉን በክሪክ ትንሽ ትንሽ እያነሳችሁ የባሌስትራው የመሃል ብሎን ራስ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ አምጡት። ካልተቀመጠ አክስሉ ተንሻፎ ይታሰርና መኪናዋ በጎን ትሄዳለች። አዲሶቹ የዩ ብሎኖች ይገባሉ፣ አራቱ ዳዶዎች በየተራ፣ በመስቀለኛ፣ እኩል ይጠብቃሉ። ሾኩም ይታሰር።

የባሌስትራው ጫፍና የሻክሉ ብሎኖች ግን አሁን አይጠብቁም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት።

የዛሬ ስንት ዓመት ነው፣ መኪናዋ ስታንድ ላይ እንዳለች ሁሉንም ብሎን ጠበቅ አድርጌ ጨረስኩ። ስትወርድ ከፍ ብላ ቆመች፣ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ያህል ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ከቆየች በኋላ ጉብታ ባገኘች ቁጥር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረች። አንድ የባቡር ጡረተኛ ጎረቤት ነበሩን። ድሬ «አንቱ» አይበዛም፣ እሳቸውን ግን ሰፈሩ በሙሉ «አንቱ» ነበር የሚላቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ ጎማውን ጠምዝዘህ ነው ያሰርከው» አሉኝ።

ምን ማለታቸው ነው? ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡን ቱቦ ከሻክሉ ጋር ቆልፎ ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ብረቱ አይዞርም። ባሌስትራው የሚንቀሳቀሰው የቡሹ ጎማ ወዲያና ወዲህ እየተጠመዘዘ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት፣ ጎማው የሚያርፈው በተንጠለጠለው ልክ ነው። መኪናዋ መሬት ላይ ስትቆም፣ ቆማም ቢሆን ጎማው እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዞ ይውላል። ጉብታ ሲጨመርበት ይቀደዳል። መሬት ላይ ሆና ከታሰረች ግን፣ ስትቆም ጎማው ያርፋል።

[ምስል፦ መኪናዋ በአራት ጎማ መሬት ላይ]

ስለዚህ የወለቀው የመኪናዋ ጎማ ገባ፣ ስታንዱ ወጣ፣ ወረደች። ታኮው አሁንም እንዳለ ነው። ወንድሜ የኋላ መከላከያው ላይ ቆሞ አምስት ስድስት ጊዜ ያነጥራታል፣ ባሌስትራው ቦታውን እንዲይዝ። አሁን፣ ክብደቷ በሙሉ ጎማዎቿ ላይ እንዳለ፣ ከስር ገብቼ የፊተኛውን ብሎንና የሻክሉን ሁለቱን አጠብቃለሁ።

[ምስል፦ በሜትር ከመሬት እስከ ሻንሲ ሲለካ፣ ግራና ቀኝ]

ጠዋት ግራው ከቀኙ በሦስት ጣት ያንስ ነበር። አሁን እዩት፣ የጣት ውፍረት እንኳን አይሞላም።

ነገ በማለዳ ደንገጎን ወጥተን፣ ሐረር ደርሰን እንመለሳለን። አዲስ የዩ ብሎን መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሚላላ፣ ግቢ እንደገባን መጀመሪያ ቺያቬ የማሳርፈው እነዚያ አራት ዳዶዎች ላይ ነው።