ሳያየኝ እንዴት ያክመኛል? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው ዝግጅታችን የሕክምና ታሪክ የሚያስተምሩት ሐኪም እንግዳችን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሕመምተኞች ሐኪማቸውን በደብዳቤ ያማክሩ እንደነበር በጨረፍታ ነክተውት አልፈው ነበር። ስልካችን ከዚያ ወዲህ አላረፈም። ዛሬ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ መልሰን ጋብዘናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን የደወሉ አባት፦ «ሐኪም ዓይን ገልጦ፣ ሆድ ዳስሶ ነው በሽታ የሚያውቀው። ያላየውን ሰው በወረቀት ማከም ማታለል አይሆንም ወይ?»

መልስ፦ አባቴ፣ ነገሩ ያለው «ዳስሶ» ያሏት ቃል ላይ ነው። የዚያ ዘመን ሐኪም አጠገብዎ ቢቀመጥም ብዙ አይዳስስዎትም። የእጅዎን የደም ሥር ምት ይይዛል፣ ምላስዎን ያያል፣ ሽንትዎን በብርጭቆ ወደ ብርሃን ያነሣል። የቀረው ሥራው መስማት ነው። መቼ ጀመረዎት? ምን በልተው ነበር? እንቅልፍዎስ? ሐዘን ደርሶብዎት ነበር? ደረት የሚያዳምጡበት መሣሪያ ገና አልተሠራም፤ ላኤኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ወረቀት ጠቅልሎ ሕመምተኛ ደረት ላይ ያስደገፈው በ1816 ነው። ቴርሞሜትር በሐኪም እጅ የተለመደው ከዚያም ዘግይቶ ነው። ራጅና የደም ምርመራማ ጭራሽ አይታሰብም። ምርመራው በአብዛኛው የሕመምተኛው ቃል ከሆነ፣ ቃል ደግሞ ይጻፋል።

ይፈወሱ ነበር ወይ ካሉኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ፊት ለፊት የቀረበውም ቢሆን የሚታዘዝለት ደም መቅዳት (ይፈውሳል ተብሎ ደም ማፍሰስ)፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ የምግብና የእንቅልፍ ሥርዓት ነበር። እንዲያውም ከሩቅ የጻፈው፣ ደም ከመቅዳት ተርፎ «በፈረስ ተንሸራሸር፣ እራት ቀንስ» የሚል ምክር ብቻ ከደረሰው፣ እኔ ዕድለኛ እለዋለሁ።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፣ ነርስ ነኝ ያሉ አድማጭ፦ «ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ አስፈላጊውን ትቶ የማያስፈልገውን ያበዛል። ያንን እንዴት ይቆጣጠሩት ነበር?»

መልስ፦ የሙያ ሰው ጥያቄ ነው። በስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ የነበረው ሐኪም ሳሙኤል ኦጉስት ቲሶ በዚህ የተማረረ ሰው ነበር። በ1761 ለገጠር ሕዝብ የሚሆን የጤና ምክር መጽሐፍ አሳተመ፤ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። መጽሐፉ ውስጥ ሐኪም ለማማከር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን ደርድሯል። ዕድሜው ስንት ነው? ቀድሞ ጤነኛ ነበር? አኗኗሩ እንዴት ነው? በሽታው ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው፣ አጀማመሩስ? ትኩሳት፣ ጥማት፣ ማቅለሽለሽ አለው? ሽንቱ ምን ይመስላል? ይተኛል? እስካሁን ምን መድኃኒት ወሰደ? ለሴቶች ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና፣ ለሕፃናት ስለ ጥርስና ስለ ወስፋት የሚጠይቁም አሉበት። እርስዎ ካርድ ላይ የሚሞሉት ታሪክ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ሰዉ ግን ሁልጊዜ በልኩ አይጽፍም። ለቲሶ ከተላኩት ከ1,000 በላይ ደብዳቤዎች ሎዛን ውስጥ ተጠብቀው ይገኛሉ። አንዳንዱ የሕይወት ታሪክ ነው። ለንስሐ አባት እንኳ የሚከብድ ነገር ለማያውቁት ሐኪም ተጽፏል፤ ምናልባትም ስለማያውቁት። ሁሉም ደግሞ የሕመምተኛው እጅ አይደለም። ባል ስለ ሚስቱ፣ አባት ስለ ልጁ፣ የአጥቢያው ቄስ ስለ ምእመኑ ይጽፋል። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡትን የኛን ራፖር ጸሐፊዎች ያስታውሱኛል፤ የባለጉዳዩ ብሶት በሌላ ሰው አፍ ሲያልፍ ቅርጹ ይለወጣል።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ «ለሁሉም መልስ ይሰጡ ነበር?»

መልስ፦ አይሰጡም! አንዱን ልንገርዎት። ሚያዝያ 1 ቀን 1787 ከኮርሲካ ደሴት፣ ከአዣክሲዮ ከተማ አንድ የ17 ዓመት የመድፈኛ መኮንን ለቲሶ ጻፈ። የአባቱ አጎት የሆኑት ሊቀ ዲያቆናት በሪህ ይሠቃያሉ። ልጁ መጀመሪያ ያሞግሳል፤ ዝናዎ ሐኪም እምብዛም ወደማይፈለግባቸው የኮርሲካ ተራሮች ዘልቋል ይላል። ከዚያ ምክር ይለምናል። ቲሶ ደብዳቤው ላይ መልስ እንዳልሰጠበትና እምብዛም የሚስብ ሆኖ እንዳላገኘው ጻፈና አስቀመጠው። የልጁ ስም ናፖሊዮን ቦናፓርት ነበር። በሐኪሙ አልፈርድበትም፤ ከሪህ የበለጠ የተሰለቸ በሽታ ያኔ አልነበረም።

ጥያቄ፣ ከጅማ፦ «መልሱ እስኪመለስ ሰውየው አይሞትም?»

መልስ፦ ይሞታል፤ ወይም ይድናል። ለዚህ ነው በደብዳቤ የሚመጣው በአብዛኛው የቆየ ሕመም የሆነው፦ ሪህ፣ የሆድ ሕመም፣ ራስ ምታት፣ የመንፈስ ጭንቀት። ወጪውም አለ። እንግሊዝ አገር እስከ 1840 ድረስ የፖስታውን ሒሳብ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር።

ጥያቄ፣ ከጎንደር፣ የታሪክ ተማሪ፦ «የሐኪሙን መልስ እንዴት እናውቃለን? የኛ ነገሥታትስ እንዲህ አድርገው ያውቃሉ?»

መልስ፦ መልሱ ወደ ሕመምተኛው ቤት ሄዶ ስለሚጠፋ ብዙ ጊዜ የምናገኘው አንዱን ወገን ብቻ ነው። በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ የነበረው ሐኪም ዊልያም ከለን ግን ከዚህ ይለያል። መልሶቹን በጸሐፊ ያስገለብጥ ነበር፤ ከ1781 ጀምሮ ደግሞ በእንፋሎት ሞተር የሚታወቀው ጄምስ ዋት በሠራው ማሽን መገልበጥ ያዘ። በልዩ ቀለም የተጻፈው ላይ የራሰ ስስ ወረቀት ይጫንበታል፤ ፊደሉ ተገልብጦ ይታተማል፤ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ በጀርባው በኩል ቀጥ ብሎ ይነበባል። በዚህ የተነሣ ጥያቄውም መልሱም ኤድንብራ በሚገኘው የሐኪሞች ኮሌጅ አብሮ ተቀምጧል።

ወደ ከተማዎ ስንመጣ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ የቆዳ ሕመም ሲጸናባቸው ሐጂ ዓሊ የተባለውን ወኪላቸውን ካይሮ ላኩ፤ እሱም ሻርል ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም አግኝቶ ይዞት መጣ። ከካይሮ በ1698 ተነሥተው ጎንደር የደረሱት በሐምሌ 1699 ነው። ከአንድ ዓመት በላይ! ንጉሥ ሐኪሙን ያስመጣል፤ ደብዳቤ መጻፍ ሐኪም ማስመጣት ለማይችል ነው።

ጥያቄ፣ ከቤሩት የደወሉ እህት፦ «እኔ አሠሪዎቼ ስለማያወጡኝ አዲስ አበባ ላለ ሐኪም በቴሌግራም እጽፋለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደም ከፈሰሰሽ መልእክት ጽፈሽ መልስ አትጠብቂ፤ ለአሠሪዎችሽ ተናግረሽ ሆስፒታል እንዲያደርሱሽ አድርጊ፤ እምቢ ካሉሽ ወዲያውኑ ራስሽ አምቡላንስ ጥሪ። ለሌላው የቲሶ ጥያቄዎች ዛሬም ይሠራሉ። ዕድሜሽን፣ መቼ እንደጀመረሽ፣ ምን ስታደርጊ እንደሚብስሽ፣ እርጉዝ መሆን አለመሆንሽን በአጭሩ ጻፊ። ሰው የሚረሳው የወሰደውን መድኃኒት ነው፤ ኪኒኑን ብቻ ጽፎ የቤቱን ይተዋል። ዳማከሴውንም፣ ፌጦውንም አትተዪ።