«ሰክሮ መጣ» የሚለው ለኮድ አይበቃም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በሕክምና ኮዲንግ (ሐኪም የጻፈውን ወደ ኮድ በመቀየር ሥራ) የምትሠሩ፣ እንዲሁም ለሲፒሲ፣ ማለትም ለኮደሮች የብቃት ማረጋገጫ፣ ፈተና የምትዘጋጁ አድማጮች የላካችኋቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ዓይነት ታካሚ ናቸው፤ ሰክሮ፣ በዚያ ላይ ሌላ ሕመም ወይም ጉዳት ይዞ ድንገተኛ ክፍል ስለሚገባው። መልሶቹ አሜሪካ በምትጠቀምበት የበሽታ ኮዶች መዝገብ፣ በአይሲዲ-10-ሲኤም ላይ የተመሠረቱ ናቸው። መዝገቡ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይታደሳልና ታካሚው በታከመበት ወይም ተኝቶ ከነበረ በወጣበት ቀን የሚሠራውን እትም መያዛችሁን አረጋግጡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ላቦራቶሪው በደሙ ውስጥ በዴሲሊትር 262 ሚሊግራም አልኮል አገኘ። ነርሷም «አንደበቱ ተሳስሯል፣ መቆም አቅቶታል» ብላ ጽፋለች። ሐኪሙ የጻፈው ግን መውደቁንና የራስ ቁስሉን ብቻ ነው። የስካር ኮድ ብሰጠው ኃላፊዬ መለሰችብኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው?

ኃላፊዎ ትክክል ናቸው። ቁጥር ዲያግኖሲስ (ሐኪም የሚወስነው የበሽታ ስም) አይደለም። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በ262 ቆሞ ሊያወራ ይችላል፤ መጠጥ ያልለመደ ሰው በ120 ሊወድቅ ይችላል። ከዚህም የሚያሳስበው ሌላ ነገር አለ፦ ራሱን የተመታ ሰው አንደበቱ የሚተሳሰረው ከመጠጥ ሳይሆን ጭንቅላቱ ውስጥ ከሚፈስ ደም ሊሆን ይችላል። ያንን የሚለየው ሐኪሙ ነው እንጂ ኮደሩ አይደለም።

የደም አልኮል መጠን ኮድ የሆነው ዋይ90 የራሱ ደንብ አለው። ቁጥሩን ከላቦራቶሪ ወይም ከነርስ ማስታወሻ መውሰድ ይፈቀዳል፤ ሐኪሙ ራሱ እንዲጽፈው ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ሐኪሙ አስቀድሞ በኤፍ10 (ከአልኮል ጋር የተያያዙ ችግሮች ምድብ) ሥር የሚመደብ ነገር ጽፎ መገኘት አለበት። በእርስዎ ቻርት (የታካሚው መዝገብ) ላይ ያ ስለሌለ ኤፍ10ም ዋይ90ም አይገቡም።

መፍትሔው ለሐኪሙ ኩዌሪ፣ ማለትም የማብራሪያ ጥያቄ በጽሑፍ፣ መላክ ነው። ሲጽፉ የላቦራቶሪውን ቁጥርና የነርሷን ቃል እንዳለ ያስቀምጡና «እነዚህ ምልክቶች የሚያመለክቱት ዲያግኖሲስ ካለ ይግለጹልን» ይበሉ። ምርጫ ከሰጡ አጣዳፊ የአልኮል ስካር፣ ከራስ ጉዳቱ የመጣ የንቃት መለወጥ፣ ሌላ፣ እንዲሁም «መወሰን አይቻልም» ሁሉም ይኑሩበት። «ሰክሮ ነበር አይደል?» የሚል መሪ ጥያቄ ኦዲት ላይ አይቆምም። ስለ ክፍያም በኩዌሪው ውስጥ አንድ ቃል አይጻፍ።

ሐኪሙ ስካር ነው ብሎ ከመለሰ 262 የሚገባው ዋይ90.8 ውስጥ ነው፤ እሱ 240ና ከዚያ በላይ ያለውን ይይዛል። ከ200 እስከ 239 ዋይ90.7፣ ከ120 እስከ 199 ዋይ90.6፣ ከ100 እስከ 119 ዋይ90.5፣ ከ80 እስከ 99 ዋይ90.4 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በነጥቡ ላይ ነው፦ ሪፖርቱ 0.08 ካለ 80 ሚሊግራም ማለት ነው፣ 8 አይደለም። ዋይ90 ሁልጊዜ ተጨማሪ ኮድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ አይቀመጥም።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ሐኪሙ «አልኮልን አላግባብ መጠቀም፣ ከአጣዳፊ ስካር ጋር» ብሎ ጽፏል። ታካሚው ትውከቱ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ይዞታል። ኤፍ10.120 «ያለ ውስብስብ ችግር» ይላል፤ ይህ ሰው ግን ችግር አለበት። ታዲያ የትኛው ነው?

ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። በዚህ ቦታ ኮዱ የሚለየው ስካሩ ዴሊሪየም (ድንገት የሚመጣ ከባድ የአእምሮ መዛባት) አለው ወይስ የለውም የሚለውን ነው። ዴሊሪየም ካለ ኤፍ10.121 ነው፤ ሐኪሙ ያልተወሳሰበ ስካር ብሎ ከጻፈ ኤፍ10.120፤ ዝም ብሎ «አጣዳፊ ስካር» ካለ ኤፍ10.129። ሳንባ ምቹ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም፣ የራሱ ኮድ ጄ69.0 አለው። ታካሚው ተኝቶ የታከመው በዋናነት ለሳንባው ከሆነ ጄ69.0 ይቀድማል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጄ69.0 እንደ ተጨማሪ ዲያግኖሲስ ሲገባ በሆስፒታል ክፍያ ከከባዶቹ ተጓዳኝ ሕመሞች ስለሚመደብ ኦዲተሮች አጥብቀው ይመረምሩታል። የደረት ራጁ፣ የኦክስጅን መጠኑ፣ የታዘዘው አንቲባዮቲክና ትውከቱ የታየበት ሰዓት ቻርቱ ላይ መገኘት አለባቸው። ደግሞ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ቤቱ በተመለሰ ታካሚ «ምናልባት» ወይም «ይጠረጠራል» የተባለ ነገር ኮድ አይደረግም፤ ምልክቱ ብቻ ነው የሚገባው። ተኝቶ በታከመ ሰው ግን ሲወጣ «ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ከተጻፈ እንዳለ ሊወሰድ ይችላል።

«ግራ ተጋብቷል» የሚል ቃልም ዴሊሪየም ማለት አይደለም። ዴሊሪየም ቢባልም ከስካሩ ነው ወይስ መጠጡ ሲቋረጥ የመጣ? ጥገኛ በሆነ ሰው የመጀመሪያው ኤፍ10.221፣ ሁለተኛው ኤፍ10.231 ነው። የመቋረጥ ዴሊሪየም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ነርሶች የመጨረሻው መጠጥ የተጠጣበትን ሰዓት እንዲመዘግቡ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ያቺ አንዲት መስመር ኮዱን ብቻ ሳይሆን የሰውየውን ሕይወትም ታድናለች።

ከአትላንታ፦ አንዱ ሐኪም «መጠቀም»፣ ሌላው «አላግባብ መጠቀም»፣ ሦስተኛው «ጥገኝነት» ብለው ጽፈዋል። ሦስቱንም ልጻፍ?

አይጻፉ፤ ጥገኝነት ሁለቱንም ያሸንፋል፣ አላግባብ መጠቀም ደግሞ መጠቀምን። ሐኪሙ «ቀላል የአልኮል አጠቃቀም ችግር» ካለ ኤፍ10.1 ሥር፣ «መካከለኛ» ወይም «ከባድ» ካለ ኤፍ10.2 ሥር ይገባል። ሐኪሞቹ ከተቃረኑ ግን ዋናውን ተከታታይ ሐኪም ይጠይቁ።

ከዳላስ፦ በመጠጥ ምክንያት የቆሽት መቆጣት ለያዘው የአልኮል ጥገኛ ኤፍ10.288 ሰጠሁ፤ ክሌይሙ (የክፍያ ጥያቄው) ተመለሰ። ለምን?

የቆሽት መቆጣት የአካል ሕመም ነው። ኤፍ10.288 አልኮል ለሚያመጣቸው ሌሎች የአእምሮ ችግሮች ነው እንጂ ለሱ አይደለም። መቆጣቱ አጣዳፊ ከሆነ፣ በቆሽቱ ላይ የሞተ ሥጋና ኢንፌክሽንም ከሌለ ኬ85.20ን ይስጡ፣ ከዚያ ለጥገኝነቱ ኤፍ10.20ን ያክሉ። ሐኪሙ «በአልኮል ምክንያት» የሚለውን ማያያዣ መጻፉን ግን መጀመሪያ ያረጋግጡ።

ከሚኒያፖሊስ፦ «የአልኮል መመረዝ» ሲባል ኤፍ10 ነው ወይስ ቲ51?

ሐኪሙ መመረዝ ወይም መርዛማ ውጤት ብሎ ከጻፈ ቲ51.0 ነው፤ ስካር ካለ ኤፍ10። ሆን ተብሎ መሆኑ ካልተጻፈ እንደ አደጋ ይቆጠራል፣ ቲ51.0ኤክስ1ኤ። «አልታወቀም» የሚለውን ሐኪሙ ራሱ መለየት አልቻልኩም ብሎ ካልጻፈ አይጠቀሙበት። ሜታኖል ከሆነ ወደ ቲ51.1 ይሄዳል።

ከሲያትል፦ ባለቤቴ ወድቆ ታከመ፤ ኢንሹራንሱ «ጠጥቶ ነበር» ብሎ አልከፍልም አለ። ኮዱን እንዲያነሡልን መጠየቅ እንችላለን?

ትክክል የሆነን ኮድ ማንም ሊያነሣ አይችልም፤ ማጭበርበር ይሆናል። መዝገቡ ስህተት ነው ብለው ካመኑ ግን ሂፓ በሚባለው የታካሚ መረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት እርማት በጽሑፍ መጠየቅ የባለቤትዎ መብት ነው። ሆስፒታሉ በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ምክንያቱን ጽፎ አንድ ጊዜ 30 ቀን ሊጨምር ይችላል። ሌላው መንገድ ይግባኝ ነው። በአንዳንድ ስቴቶች ኢንሹራንስ በስካር ለደረሰ ጉዳት እንዳይከፍል የሚፈቅድ ሕግ አሁንም አለ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውሉ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ መኖሩን ይፈልጉ። ከሌለ የእምቢታውን ደብዳቤ፣ የሐኪሙን ማስታወሻና የላቦራቶሪውን ውጤት አያይዘው ያስገቡ። አብዛኞቹ የጤና ኢንሹራንሶች እምቢታው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ይሰጣሉ፤ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን የሚያሳየውን ፖስታ አይጣሉት።