ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ሞተር

እሺ... ዛሬም ስለ ጀልባዋ ነው። ባለፈው ጨርሻለሁ ብዬ ነበር፤ አልጨረስኩም።

ከዘጌ ስንመለስ፣ ያቺን ሰዓት ነው የምላችሁ። ነፋሱ ጀምሯል፤ ጣና ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሞተሩ ድርግም አለ። ቤንዚን ሲያንሰው እየተቆራረጠ ነው የሚጠፋው። ይሄ ግን በአንዴ። «እሳት ነው» አልኩ በሆዴ፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ማለቴ ነው።

ጀልባዋን የሚነዱት ጋሼ ካንዴላውን፣ ያን ብልጭታ የሚሰጠውን፣ ፈቱት። እርጥብ ነው። ስለዚህ ቤንዚን እየደረሰ ነው። የፈሰሰውን ጠረጉ፣ ካንዴላውን ከኬብሉ ጋር አገናኝተው ጎኑን የሞተሩ ብረት ላይ አስደገፉትና «ሳብ!» አሉኝ። ሳብኩ። ብልጭ የሚል ነገር የለም። አዲስ ካንዴላ አደረጉ። ምንም። የማጥፊያውን ስዊች ሽቦ ነቀሉ፤ እሱ እርጥበት ገብቶት ከብረቱ ጋር ከተነካካ እሳቱን ያስቀራል። ያም አይደለም።

አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አለች። «አይዞሽ እቴ፣ ይነሳል» አሏት። ድምፃቸው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

በመሃል እንጨት የጫነ ታንኳ አለፈን። ታንኳ ደስ ይለኛል እኮ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። ባለቤቱ መክበዱን ገና ሲቀዝፍ ያውቀዋል። ሞተር ግን... ቆይ፣ ወዴት ሄድኩ።

አዎ። ቆየን፣ ቀዘቀዘ፣ ጋሼ አንዴ ሳቡት፣ ተነሳ! ሰው ሁሉ ተመስገን አለ። እኔም ከልቤ አልኩ። ግን የፈራሁት ያኔ ነው። ማንም ምንም አልጠገነማ!

ለካንዴላው ኤሌክትሪኩን የሚያጎለብተው ኮይል ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ሊለያይ፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ሊገናኝ ይችላል። መካኒኩ ኮይሉን ለክቶ ደህና ነው አለ። ቀዝቃዛውን ነዋ የለካው። እንደጋለ ነበር መለካት ያለበት። ወይም ሲዲአዩ ይሆናል፣ እሳቱን ሰዓቱን ጠብቆ የሚለቀው ሳጥን። ወይም ፍላይዊሉ፣ ያ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ብረት፣ ሥሩ ያለው ትንሹ ኮይል፣ እሱም ሙቀት አይወድም... እንጃ።

ለጋሼ ልነግራቸው አስባለሁ። «ደህና ነው ተብሏል፣ ልጄ» ይሉኛል። ጣናን እኔ ሳልወለድ ነው የሚያውቁት፤ ምን ብዬ... ሐይቁን ማወቅና ኮይሉን... አይ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም። ነገም ሰው ይጭናሉ። ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ይዤ አብሬያቸው ብወጣ፣ ሲጠፋ እዚያው ብለካው... ካልጠፋስ? ሳይጠፋ ቢመለስ ደስ ሊለኝ ነው ወይስ... ላይፍ ጃኬቱን ግን፣ ቢያንስ እሱን...